ከጠገራ ብር የተቆረጠ መስቀል

ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከጋይንት የመጣ ሰው የእናቱን የአንገት መስቀል ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱ በየጊዜው ተሞርዷል፣ ተወልውሏል፤ የአንዳንዱም ላይ አዲስ ቅርጽ ወጥቶበታል። ጀርባውን ግን የሚነካው የለም። አዘንብዬ ወደ ብርሃን ስይዘው የንስር ላባ፣ የላቲን ፊደል ቁራጭ፣ አንዳንዴም የሴት የራስ ሻሽ እጥፋት ይታየኛል። ያኔ መስቀሉ እሳት ያልነካው መሆኑን አውቃለሁ። ጠገራ ብር ተቆርጦ፣ በሞረድ ተቀርጾ የወጣ ነው።

የምሠራው ደብረ ታቦር ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አያቴ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ብዙም ሳይርቁ፣ ወናፍ ሲያስነፉ የኖሩ አንጥረኛ ነበሩ። ብር አቅላጭ ነኝና አሮጌ ጌጥ ማቅለጥ ነውር ነው የሚል ሰው አይደለሁም። የዚህ አገር ብር ሁልጊዜ ሲቀልጥና ሲሠራ የኖረ ነው። ሆኖም ምን እያቀለጥን እንደሆነ አውቀን እናቅልጥ እላለሁ።

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። መጀመሪያ በኦስትሪያ ግዛት ውስጥ ነበር፤ ኋላ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ሮም አስገባ፤ ለጥቆም ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ መቱት። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው መስቀል ነው» ለሚለኝ ሰው እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ብሩ በአያቱ ዘመን የተመታ ሊሆን ይችላል። የመስቀሉን ዕድሜ የሚናገረው የማንጠልጠያ ቀለበቱ መበላት ነው። ክር ለዓመታት የሳበው መስቀል ማንጠልጠያው ላይ እንደ ምላጭ ይሳሳል።

አንዱ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያው ይህን ክብደት ስላመነው የወርቅ ሚዛን የሆነው ወቄትም በእሱ ልክ ተያዘ። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው፣ አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያወጡ እንኳ የገጠሩ ሰው ዓይኑን ከቴሬዛ አላነሳም።

ይህ ብር በእኛ ተራሮች ላይ የበዛው መንገዱ በዚህ ስለሚያልፍም ነው። ጋይንት የቤጌምድርና የወሎ መገናኛ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ የሄዱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዱት ሀብትም መጨረሻው መቅደላ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ሊወጋ የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከባሕር በኩል ሲመጣ ከአራት ሚሊዮን በላይ ጠገራ ብር ይዞ ነበር። ለእህሉ፣ ለሣሩና ለጭነቱ እየከፈለ በትግራይ፣ በላስታና በዋድላ አድርጎ ደላንታ ደረሰ። ደላንታ ደግሞ ከጋይንት ብዙ አይርቅም። እንዲህ ያለ ብር ባላገር እጅ ሲገባ ያለው መንገድ ሁለት ነበር፤ ወይ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ እንስራ፣ ወይ ወደ አንጥረኛ ቤት።

ብሩን አንጥረኛ ቤት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሠርግ ነበር። ጥሎሽ ሲጣል ሽማግሌ ፊት ብሩ ይቆጠር ነበር፤ ከዚያ የሙሽራዋ ወገን ብሩን ይዞ ለድሪ፣ ለአልቦ፣ ለአምባር ይመጣ ነበር። አያቴ እንደነገሩኝ ባለቤቱ ብሩ ቀልጦ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ከምድጃው አጠገብ አይነሣም ነበር። መዳብ እንዳይጨመርበት፣ ብር እንዳይቀነስበት ይጠብቅ ነበር። ሲያልቅ ይመዘን ነበር፤ የእጅ ዋጋም በእህል ወይም በገንዘብ ይከፈል ነበር። ይህን ጥበቃ አያቴ አልተቀየሙትም። የሚያማቸው ሌላ ነበር። የሠሩትን መስቀል አንገቱ ላይ አስሮ የሚሄደው ሰው ማታ ስለ እሳቸው ሲያወራ ቡዳ ይላቸው ነበር። ለአንጥረኛ ርስት አልነበረም፣ ከሌላው ጋር ጋብቻም አልነበረም። ጎንደርን በእጃቸው ያስጌጡት ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረው፣ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከነሙያቸው ሄዱ። ዛሬ የእጁ ጥበብ ጠፋ ብሎ የሚያዝን ሰው ይህንንም አብሮ ማሰብ አለበት።

በውርስ የመጣ ጌጥ እኔ ጋ የሚደርሰው ደግሞ እናት ሞታ፣ አርባዋ ወጥቶ፣ ሳጥን ከተከፈተ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ፣ የአያቷን ድሪ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀለበት ይወጣዋል?»

«ሦስትም አምስትም ይወጣዋል። ለምን ሦስት?»

«ሦስት እህትማማች ነን።»

ክርክር የለኝም። አንድ ድሪ ሦስት አንገት ላይ አይውልም፤ መሬት እንኳ ይከፈላል። ድሪው ላይ የተንጠለጠለውን መስቀል ግን አገላብጬ ንስሩን አሳየኋት። አታውቅም ነበር። ሰንሰለቱን አቅልጬ ቀለበቶቹን ሠራሁ፤ መስቀሉን እንዳለ ወሰደች።

አልማዝ ቢሆን ጉዳዩ ሌላ ነበር። አልማዝ አይቀልጥም፤ ቅርጹ ሲቀየር የሚቀረው ከተቆረጠው የተረፈው ብቻ ነው። ከፑንጃብ ተወስዶ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሰጠው ኮሂኑር የሚባለው አልማዝ ለዓይን አይሞላም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ እንደገና ሲቆረጥ ከ191 ካራት ገደማ ወደ 105.6 ካራት ወረደ። ቆራጮቹ ያጠፉትን በሚዛን ማየት ይችሉ ነበር። ብር ሲቀልጥ ሚዛኑ ብዙም አይወርድም፤ ባለቤቱም ምንም ያልጎደለ መስሎት ይሄዳል። የአንጥረኛው የሞረድ ምት፣ የንስሩ ላባ፣ የሰውነት ላብ ያለሰለሰው ጠርዝ ግን ከምድጃ አይመለስም። ደግሞ የብሩ ጥራት ራሱ ይወርዳል። በየብየዳው የገባው መዳብና ቆርቆሮ አብሮ ስለሚቀልጥ፣ ሦስት አራት ጊዜ የቀለጠ ብር 833 ነበር ብሎ መማል አይቻልም።

ጠገራ ብር ገንዘብነቱ ያበቃው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የአሁኑ ብር ሲታወጅ ነው። ገጠሩ ወዲያው አልተወውም፤ ለዓመታት በገበያና በጥሎሽ ሲሠራበት ቆይቷል። ብዙ ጌጥ ከአገሩ ያስወጣው ግን ረሃብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጋይንትና ስማዳ በሬ ሲያልቅ ወደ ሳጥን ዞሩ። አልቦው፣ ወለባው፣ መስቀሉ በእህል ተለወጠ፤ ነጋዴ ሰብስቦ አዲስ አበባ አወረደው። የእኛን አገር አልቦ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ባሉ የጌጥ መደብሮች መስኮት ውስጥ አይቻለሁ፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ገዥ ግን አላየሁም። ልጆቿን ለማብላት መስቀሏን የሸጠችን እናት የሚወቅስ አፍ የለኝም። ዛሬ ጠግበን፣ ወርቅ ስላማረን ብቻ የምናቀልጠው ግን ያሳዝነኛል።

እኔ ከጠገራ ብር የተቆረጠ መስቀል አላቀልጥም። ማንጠልጠያው ከተበላ አዲስ እበይዳለሁ፤ ክንዱ ከተሰበረ እጠግናለሁ፤ አቅልጥልኝ የሚለኝን ሰው ሌላ ቤት ይሂድ እላለሁ። በሰም ተቀርጾ የፈሰሰውን አቀልጣለሁ፤ ሰንሰለትና አምባርም አቀልጣለሁ። ያም ቢሆን ከማቅለጤ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም በስልኬ አነሣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ የማን እንደነበረና በየትኛው ቀበሌ እንደተሠራ ጠይቄ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

እናንተም የእናታችሁን ብር ወደ አንጥረኛ ከመውሰዳችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ። ፎቶ አንሡት፣ አስመዝኑት፣ በሕይወት ካለች አክስታችሁን ማን እንደሠራው ጠይቁና የአንጥረኛውን ስም ጻፉት።