የሕፃናት መምህር ትዕግሥት

ሕፃናትን ለማስተማር ተነሥቶ ረዳት ያጣ ሰው ግብጻዊውን ሀቢብ ጊርጊስን ያስብ። እርሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ዓመት በካይሮ በተከፈተው የካህናት ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ተማሮች ጋራ ገባ፤ ነገር ግን በዚያ የሃይማኖት መምህር አልነበረም። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳለ ማስተማር ጀመረ። ለሕፃናት የሚሆን መጽሐፍም ቢያጣ ራሱ ጻፈ፤ በ1918ም የሰንበት ትምህርት ቤቶችን ጉባኤ አቆመ። በ1951 እስኪያርፍ ድረስ ከሥራው አልተለየም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ያገለገለው፥ በ1971 ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ተባለ። ሀቢብንም በ2013 የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ከቅዱሳን ቈጠረው። እንግዲህ፥ የሕፃናት መምህር ሆይ፥ ሦስት ልጆች ብቻ ቢመጡልህ እንኳ ደጁን አትዝጋ፤ ከሦስቱ ማን እንደሚወጣ እግዚአብሔር ያውቃል።