የእንጨት ቀራጩ የቶማስ ቢዊክ ታሪክ

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች የተጻፈ ታሪክ እጅግ ብዙ ነው። የመጻሕፍትን ሥዕሎች የሠሩት ሰዎች ግን እነማን እንደ ነበሩ፥ በምን መሣሪያና በምን ድካም እንደ ሠሩአቸው የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ፥ ሰይፍ ሳይታጠቅና ሹመት ሳይሻ፥ ዕድሜውን በአንዲት አነስተኛ የሥራ ቤት ውስጥ እንጨት ሲቀርጽ ስላሳለፈ አንድ እንግሊዛዊ ልንጽፍ ወደድን። ስሙ ቶማስ ቢዊክ ይባላል። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢዊክ በ1753 በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ ከኒውካስል ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በታይን ወንዝ አጠገብ፥ ቼሪበርን በተባለ የገጠር ቤት ተወለደ። አባቱ መሬት በኪራይ ይዞ የሚያርስና አንዲት ትንሽ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚያሠራ ሰው ነበረ። ቶማስ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ኦቪንግሃም በምትባለው መንደር፥ በአንድ ቄስ ትምህርት ቤት ሲማር የመጽሐፉን ኅዳግ ሁሉ በሥዕል ይሞላ ነበር። ወረቀት ሲያልቅበት ጠመኔ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሄድና በመቃብር ድንጋዮች ላይ ይሥል ነበር። ሥዕል የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ ያያቸውም ሥዕሎች በቤተ ክርስቲያን የተሰቀለው የንጉሥ ዓርማና በመጠጥ ቤቶች ደጃፍ የተንጠለጠሉት ምልክቶች ነበሩ። አባቱም ይህ ጊዜ ማባከን ነው እያለ ይገሥጸው ነበር።

ዕድሜው 14 ዓመት ሲሆን፥ በ1767፥ ለሰባት ዓመት ሙያ እንዲማር በኒውካስል ከተማ ለራልፍ ቤይልቢ በውል ተሰጠ። ቤይልቢ በብረታ ብረት ላይ ጽሕፈትና ምስል የሚቀርጽ ባለሙያ ነበረ። በሥራ ቤቱም የማይሠራ ነገር አልነበረም። የበር ላይ ስም፥ የማንኪያና የሻይ ማንቆርቆሪያ ጌጥ፥ ማኅተም፥ የሰይፍ ስለት፥ የሬሳ ሣጥን ሰሌዳ፥ የውሻ አንገት ማሰሪያ ሳይቀር ይቀረጽበት ነበር። የእንጨት ሥራ ሲመጣ ግን ቤይልቢ ስለማይወደው ለተማሪው ይተውለት ነበር። ቢዊክ በእንጨት ላይ ከቀረጻቸው የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል የሒሳብ መምህሩ ቻርልስ ኸተን ስለ ልኬት ላዘጋጀው መጽሐፍ የሚያስፈልጉት የጂኦሜትሪ ምስሎች ይገኛሉ። እንግዲህ ጌታው የናቀው ሥራ ለተማሪው የዕድል በር ሆነለት ማለት ነው።

የቢዊክን ሥራ ዋጋ ለመረዳት የኅትመቱን ዘዴ ማወቅ ያስፈልጋል። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ቀለሙን የሚይዘው የተቦረቦረው መሥመር ነው። በእንጨት ሲሆን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቀለም የሚቀባው ሳይነካ ከፍ ብሎ የቀረው ገጽ ሲሆን፥ የተቦረቦረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማተሚያ ፊደልም እንዲሁ ከፍ ባለው ገጹ ስለሚያትም፥ የእንጨቱ ሥዕል ከፊደሉ ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ሊታተም ይችላል። የመዳቡ ሥዕል ግን ለብቻው በሌላ ማተሚያ መታተም ስላለበት ወጪው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን የእንጨት ሥዕል የተናቀ ነበር። ከግንዱ ርዝመት በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ በቢላዋ ስለሚሠራ መሥመሩ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ የሚውለውም ዋጋቸው ለረከሰ ትንንሽ መጻሕፍት ነበር።

ቢዊክ ቦክስውድ በሚባለው ጠንካራ እንጨት ይሠራ ነበር። ግንዱ በአግድም ተቆርጦ የዕድሜው ቀለበቶች በሚታዩበት ገጽ ላይ፥ ብረት ቀራጮች በሚጠቀሙበት ስለታም መቅረጫ ይቀርጽ ጀመር። ይህን ገጽ በመጠቀም እርሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ነገር ግን በዘመኑ እንደ እርሱ ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሰው አልነበረም። በዚህ ገጽ ላይ መቅረጫው በየትኛውም አቅጣጫ ያለ እንቅፋት ስለሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ማውጣት ይቻላል። ዛፉ ቀጭን ስለሆነ ግን የሚገኘው ቁራጭ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሥዕሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ስለሚገላበጥ ቀራጩ ሁሉን ነገር ገልብጦ ማሰብ አለበት። ከልክ በላይ የተቆረጠ መሥመርም አይመለስም። ቢዊክ ደግሞ ሩቅ መስሎ እንዲታይ የሚፈልገውን ክፍል በጥቂቱ ፍቆ ዝቅ ያደርገው ነበር፤ በዚያ ቦታ የማተሚያው ጫና ስለሚቀንስ ቀለሙ ፈዝዞ ይወጣል። እንጨቱም ብርቱ ነበር። ለአንድ የኒውካስል ጋዜጣ የቀረጸው ትንሽ ሥዕል ከ900,000 ጊዜ በላይ እንደ ታተመበት ራሱ በሕይወት ታሪኩ ገልጾአል።

የሙያ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1776 ወደ ለንደን ሄደ። በዚያ ሥራ አላጣም፤ የከተማይቱን ኑሮ ግን አልወደደውም። ዓመት ሳይሞላው ወደ ኒውካስል ተመልሶ በ1777 ከቀድሞ ጌታው ከቤይልቢ ጋር ሽርክና ገባ። ወላጆቹ በሕይወት እስከ ነበሩ ድረስ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ እየተጓዘ ይጠይቃቸው ነበር። በዚያም መንገድ የወፉን አበራረር፥ የዛፉን ቅርንጫፍና የበረዶውን አወራረድ እያየ በልቡ ያኖር ነበር።

በልጅነቱ የተመለከተው የእንስሳት መጽሐፍ ሥዕሎቹ እውነተኛውን እንስሳ አይመስሉም ነበር። ስለዚህ ልጆች አምነው የሚማሩበት መጽሐፍ ለመሥራት አሰበ። ቀን ቀን የደንበኞች ሥራ ስለነበረበት፥ ለዚህ ሐሳቡ የቀረለት ጊዜ ማታ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል፥ ማለት የግመልን ምስል፥ የቀረጸው በ1785 ኖቬምበር 15 ቀን ነው፤ ያም ቀን አባቱ የሞተበት ቀን ነበረ። ከአምስት ዓመት ድካም በኋላ ስለ አራት እግር እንስሳት የሚናገረው መጽሐፍ በ1790 ወጣ፤ ተፈላጊነቱም ብዙ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ታተመ። በዚህ መጽሐፍ በዓይኑ ያያቸው የአገሩ እንስሳት ሕያዋን ይመስላሉ። ያላያቸው የሩቅ አገር እንስሳት ግን ያን ያህል አልሆኑለትም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ወፎች ተመለሰ። በ1791 ዋይክሊፍ ወደሚባል ስፍራ ሄዶ፥ በአንድ ባለጸጋ ቤት ቆዳቸው እየተሞላ የተቀመጡትን ወፎች ሁለት ወር ያህል ሲሥል ቆየ። ነገር ግን በሕያው ወፍና በተሞላ ቆዳ መካከል ያለውን ልዩነት ስላስተዋለ፥ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያለውን ወይም ገና አሁን የተገደለውን ወፍ እየተመለከተ ለመሥራት ቈረጠ።

ታላቁ ክርክር የተነሣው በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ቃል ያሰባሰበው ቤይልቢ ነበረ፤ ቢዊክም እያነበበ ያርመው ነበር። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ቤይልቢ በርእሱ ገጽ ላይ ደራሲ ተብሎ የእርሱ ስም እንዲጻፍ ፈለገ። ቢዊክም ይህን ሲሰማ አልተቀበለውም። ወዳጆች በመካከል ገብተው ነገሩ በስምምነት አለቀና፥ በ1797 ሲታተም ደራሲ ተብሎ የማንም ስም አልወጣም፤ ሥዕሎቹን በእንጨት የቀረጸው ቢዊክ መሆኑ ብቻ ተገለጠ። ብዙ ሳይቆይም ሽርክናቸው ፈረሰ። ስለ ውኃ ወፎች የሚናገረውን ሁለተኛ ክፍል ቢዊክ ራሱ ቃሉን እየጻፈ፥ አንድ ቄስ ወዳጁም በእርማት እየረዳው፥ በ1804 አወጣው።

ለቤይልቢም ድካሙን አንነፍገውም፤ ቃሉን ማሰባሰብ ቀላል ሥራ አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ክርክር የስም ፉክክር ብቻ አይመስለንም። በስተ ኋላው የተሰወረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በብዕር የሚሠራ ሰው ዐዋቂ፥ በመቅረጫ የሚሠራ ሰው ግን ታዛዥ እጅ ብቻ ነውን? የሚል ነው። ስለ ወፉ እውቀት በመጽሐፉ ውስጥ ያስገባው ጻፊው ብቻ አልነበረም። የላባውን አቀማመጥ፥ የእግሩን አቋቋም፥ የሚኖርበትን ቁጥቋጦ አውቆ በጥቁርና በነጭ የገለጠው ቀራጩ ነው። ያ ሁሉ እውቀት ወደ አእምሮው የገባው በዓይኑና በእጁ ነበር።

በየምዕራፉ መጨረሻ ባዶ በቀሩት ቦታዎች ደግሞ ቢዊክ ስለ ሰው ኑሮ ትንንሽ ሥዕሎች አስገብቶአል። በአንደኛው ለድልድይ የሚከፈለውን ሳንቲም ለማትረፍ ሲል የላም ጅራት ይዞ ወንዝ የሚሻገር ሰው ይታያል፤ ባርኔጣውን ግን ውኃ ወስዶበታል! በሌላው አንድ ምስኪን ሽማግሌ አጥንት ሲግጥ ውሻ ቆሞ ይመለከተዋል። አንደኛው ያስቃል፥ ሁለተኛው ያሳዝናል፤ ሁለቱም ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራሉ።

የሥራ ቤቱ ትምህርት ቤትም ነበረ። ሉክ ክሌነል፥ ዊልያም ሃርቪና ሌሎችም ሙያውን ከእርሱ ተምረው ወጡ። በ19ኛው መቶ ዓመት ፎቶግራፍን የማተም ዘዴ እስኪስፋፋ ድረስ፥ የመጻሕፍትና የጋዜጦች ሥዕል በብዛት የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ሆነ። ስለዚህ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በመጠነኛ ዋጋ ከተራው ሰው ቤት እንዲገባ፥ ያች ትንሽ የሥራ ቤት ታላቅ ድርሻ ነበራት።

ቢዊክ በእርጅናው፥ በ1822፥ ለልጁ ለጄን ብሎ የሕይወቱን ታሪክ ይጽፍ ጀመር፤ መጽሐፉም የታተመው ከሞተ በኋላ በ1862 ነው። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ሞቱን የሚጠብቅ የአንድ ያረጀ ፈረስ ሥዕል ነበረ። ሲያገለግል ኖሮ ጉልበቱ ሲያልቅ የተጣለ እንስሳ የሚደርስበትን ጭካኔ ለሰው ለማሳየት አስቦ ጀመረው፤ ሳይፈጽመውም በ1828 ኖቬምበር 8 ቀን ዐረፈ። የተቀበረው በልጅነቱ በመቃብር ድንጋዮች ላይ በጠመኔ ይሥልበት በነበረው በኦቪንግሃም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን ወዳጆች ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችንም ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ለሰው ሁሉ የሚጠቅም ሥራ እየሠሩ ብዙ ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር ማወጃቸው የሚታወስ ነው። የእንጨት ቅርጽ ኅትመትም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጀርመን አገር ተወልዶ በብራዚል ይኖር የነበረው ሐንሰን ባሂያ፥ በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን ሙያ አስተምሮአል፤ ከተማሪዎቹም አንዱ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው።

ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ አክብሮትን በልብ ውስጥ ለማሳደር ግን ብቻውን አይበቃም። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ወዴት ትሄዳላችሁ ተብለን ስንጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅብን መልስ ወንበርና ጠረጴዛ ያለበት ሥራ ነው። ከመካከላችን መቅረጫ፥ መጋዝ ወይም መርፌ የሚመርጥ ቢኖር፥ ወላጆቹ ትምህርቱ ከንቱ ቀረ ብለው እንዳያዝኑ፥ እኛም ጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ አድርገን እንዳንቈጥረው እንለምናለን። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላልና፥ በሚገባ የተሠራ ሥራ የሠሪውን ስም ይዞ ይኖራል። ቢዊክ የቀረጻቸው ወፎች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይታያሉ።