የዴሞክራሲ መሸርሸር (በኢትዮጵያ)

ምርጫና ምክር ቤት በስማቸው እንደቆሙ ውስጣቸው ቀስ በቀስ የሚቦረቦርበት ሂደት። በሃንጋሪና በቬኔዝዌላ ይህን ያደረጉት በሕዝብ የተመረጡ መሪዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ግን ሙሉ ዴሞክራሲ ኖሯት አያውቅም፤ የጠበበው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የተከፈተው በር ነው። ያን ጊዜ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ የተከተለው ደም ነበር፤ ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ።

ቀጥሎ በሩ የጠበበው በአዋጅ ነው። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ 621 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ጋዜጠኞችን አሳሰረ። በገጠር ደግሞ አንድ ሰው አምስት ሰዎችን የሚመራበት «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት እያንዳንዱ ደጃፍ ደረሰ። ማዳበሪያ ሊወስድ ቀበሌ የሄደን ገበሬ ስም የሚመዘግበው፣ በምርጫ ሰሞንም ድምፅ እንዲሰጥ የሚቀሰቅሰው ያው ሰው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ገዥው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወሰዱ።

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዋጃ የዚህን መሸርሸር ሌላ ገጽ ታሳያለች። ክልሎች ሲዋቀሩ ወደ ትግራይ ስትካለል ነዋሪዋ ድምፅ አልሰጠም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ግን ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲወስን ያዛል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የዋጃ አስተዳደር ወደ አማራ ክልል ተዛወረ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነትም የአከራካሪ አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል።