የመንኮራኩርና የሹካ ልክ፤ ከብስክሌት ታሪክ አንድ ምዕራፍ

እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ «ሮቨር» የተሰኘውን ብስክሌት ሲያቀርብ፣ ሁለቱ መንኮራኩሮች በመጠን የተቀራረቡበትና የኋላው በካቴና የሚዞርበት ቅርጽ ጸና። ይህ ቅርጽ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ያልጸናው ግን ለዓይን እምብዛም የማይታይ አንድ ልክ ነው፤ ይኸውም መንኮራኩሩ በሚገባባቸው በሁለቱ የሹካ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ነው።

በብዙ የቆዩ የእንግሊዝ ብስክሌቶች የፊት ሹካው ስፋት 91 ሚሊሜትር ነበር። በኋላ በስፋት የተለመደው ግን 100 ሚሊሜትር ነው። ከዚህም በላይ የቀድሞው የፊት ዘንግ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የኋለኛው 9 ሚሊሜትር ሆነ። ስለሆነም አዲስ መንኮራኩር ለአሮጌ ሹካ ሲታሰብ ችግሩ ድርብ ነው፤ ሹካው ለእምብርቱ ይጠባል፣ የሹካው ጫፍ ስንጥቅም ለዘንጉ ይጠባል።

የኋላው ታሪክ ደግሞ ከማርሽ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ በሚያሸጋግር ካምቢዮ መጠቀምን ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኋላ ጥርሶች ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ለአምስት ጥርስ 120 ሚሊሜትር፣ ለስድስትና ለሰባት 126፣ ለስምንት 130 የተለመደ ልክ ሆነ፤ የተራራ ብስክሌቶችም 135 ያዙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥርሶቹ በበዙ ቁጥር በካቴናው በኩል ያሉት የመንኮራኩሩ ሽቦዎች ይበልጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ውጥረታቸውም ከሌላው ወገን ይበልጣል። መንኮራኩሩ እንዳይዳከም እምብርቱን ማስፋት ግድ ሆነ።

ለዚህ አለመጣጣም መካኒኮች ያገኙት መፍትሔ በብረቱ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። የአረብ ብረት ቴላዮ ሳይሞቅ ቀስ በቀስ ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ ሲከፈት አዲሱን ልክ ይዞ ይቀራል። ከ126 ወደ 130 ለማድረስ እያንዳንዱ ወገን 2 ሚሊሜትር ብቻ ይከፈታል። ሁለቱ ወገኖች እኩል መከፈታቸው የሚረጋገጠው፣ ከአንዱ የኋላ ጫፍ ተነሥቶ በመሪው ቱቦ ዞሮ ወደ ሌላው ጫፍ በሚመለስ ክር ነው፤ ክሩ ከኮርቻው ቱቦ በግራም በቀኝም እኩል መራቅ አለበት። ከዚያም ጫፎቹ እንደገና ትይዩ እንዲሆኑ ይስተካከላሉ፤ አለዚያ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል። የፊት ሹካው ስንጥቅ ሲጠብ ደግሞ በሞረድ የሚነካው ዘንጉ እንጂ ሹካው አይደለም። ዘንግ ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የፊት ሹካ ግን ከተሰበረ ነጂውን በግንባሩ ይጥላል።

በአሉሚኒየምና በካርቦን ጭረት የተሠሩ ቴላዮዎች ሲመጡ ይህ ጥበብ ወሰኑ ላይ ደረሰ። አሉሚኒየም በእንዲህ ያለ ማጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የካርቦን ጭረትም ሳይታጠፍ ይሰበራል። በእነዚህ ላይ የሚስማማ እምብርት ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የተጨመሩት ጥቂት ሚሊሜትሮች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሸክማቸው ግን ያረፈው የቀድሞውን ዕቃ በያዘው ነጂና በጠጋኙ ላይ ነው። ልክን የሚለውጥ መሐንዲስ አዲሱን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ገና በአገልግሎት ላይ ያለውንም አሮጌ ማሰብ ይገባዋል።