ከማኅተም እስከ ቁምፊ፦ ስለ ኅትመት የሙያ ቃላት ታሪክ



ከየካ ሆነን ወደ ሰሜን ቀና ስንል የምናየው እንጦጦ በኅትመት ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይጠቀስም። እኔ ግን ከዚያ መጀመር ወድጃለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ «ማኅተም» የሚለው ቃል በቅድሚያ የሚያሳስበው በደብዳቤ ላይ የሚያርፈውንና የአንበሳ ምስል የተቀረጸበትን የንጉሥ ማኅተም ነበር። ማተም ማለት መዝጋት፣ ማጽናት፣ ቃሉ የባለቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም ያው ሥር አንዱን ጽሑፍ በሺህ ማባዛትን ይገልጽ ነበር። «ታትሟል» የተባለ ነገር በእኛ ዘንድ እስካሁን እንደ እውነት የሚቈጠረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በእርግጥ ፊደላችን ከብረት ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የግእዙን መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ሳይረሳ! ላዛሪስቱ ቢያንኬሪ ምጽዋ ላይ ማተሚያ የተከለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በአዲስ አበባ ግሪካዊው ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» መጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ይሠራጭ ነበር። ስለዚህ «ጋዜጣ» የሚለው የጣሊያን ቃል እዚህ ሲለመድ መኪናው ገና አልተከተለውም።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ስንገባ ሁለት ዐይነት ቃላት ጎን ለጎን እናገኛለን። ክሊሼ፣ ሊኖታይፕ፣ ኦፍሴት፣ ፕሌት ከመሣሪያው ጋር በመርከብ የመጡ ናቸው። ገጽ፣ ዐምድ፣ ጥራዝ፣ ሐረግ ግን ከብራና ጸሐፊው ቤት የወጡ ናቸው። ማኅደርም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ ተከቶ ከግድግዳ የሚሰቀልበት የቆዳ ቤት ዛሬ የኮምፒውተር ሰነድ መያዣ ስም ሆኗል። ከሁሉ የምወደው ግን ማንም ኮሚቴ ሳይሰበሰብበት የተወለደው «ፊደል ለቃሚ» ነው። ቡና እንደሚለቀም፣ ጥራጥሬ እንደሚለቀም፣ ሠራተኛው ከየሣጥኑ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ መስመር ይሠራል። የላቲኑ ለቃሚ ሃያ ስድስት ፊደላትን በትልቁና በትንሹ ሲይዝ፣ የእኛው ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝቶ፣ ዲቃላዎቹንና አኃዞቹን ጨምሮ ቦታቸውን በቃሉ መያዝ ነበረበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚህ ሰው አፍ «ፊደል» ሦስት ነገር ነው፤ የጽሕፈት ሥርዓቱ፣ አንዱ ሆሄ፣ እንዲሁም በጣቱ የያዘው የእርሳስ ቁራጭ። በእርሳስ ዘመን ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ሆሄውና ቅርጹ አንድ አካል ነበሩና። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ሁለቱ ተለያዩ፤ የእኛ አጠራርና አሠራር ሳይለያዩ ቀሩ። የቀድሞዎቹ የግእዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል መለያ ቍጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። «ሀ» ለዐይን «ሀ» ቢሆንም ለመሣሪያው ሌላ ነው። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ባለሙያው በ«ፎንት» ችግር ሲያሳብብ፣ ችግሩ ግን የመለያ ቍጥር ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ስም በእጁ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 መለያዎችን ሰጠ። ቅርጹ ቢቀያየርም ሆሄው ሆሄ ሆኖ ይኖራል። ዛሬ በስልካችንና በኮምፒውተራችን የምናያቸው «ቁምፊ» እና «ቅርጸ ቁምፊ» ይህንኑ ልዩነት የሚይዙ ናቸው። ለጆሮ እንደማይጥሙ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼም ይሥቁባቸዋል። ልዩነቱን ግን ከ«ፎንት» ይልቅ ይጠብቃሉና እኔ እጠቀምባቸዋለሁ። «ኦፍሴት»ን ለመተርጐም ግን ጊዜዬን አላጠፋም፤ አገልግሎቱን በሚገባ እየሰጠ ነውና።

የዚህን ክፍተት ዋጋ በየቤተ መጻሕፍቱ እናገኘዋለን። በዚያ ዘመን የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የቃል ታሪክ ቅጂዎች በዲስክ ተቀምጠዋል። የተጻፉበት ፎንት ከታወቀ፣ የቍጥሮቹን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል። ካልታወቀ፣ በወረቀት የወጣው ቅጂ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና ፊደሉን አንድ በአንድ ይለቅማል።