አበበ የበላው በሶ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣

«አበበ በሶ በላ»ን ያልተማረ አለ? አበበ ባለቤት፣ በሶ ተሳቢ፣ በላ ማሰሪያ አንቀጽ። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ግን አንድም ቀን «በሶው በምን ተለወሰ?» ብዬ አልጠየቅኋችሁም። ዛሬ ልካሳችሁ።

ሰቆጣ ላደግነው ልጆች ጣፋጭ ማለት ኬክ አልነበረም፤ በማር የተለወሰ በሶ ነበር። ጓዳ ካለው ነገር አያልፍም፦ ገብስ፣ ማር፣ ውሃ፣ ቆንጠር ያለች ጨው። ገብሱ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ገለባው በሰፌድ ይለያል፣ ዳግመኛ ይቆላና ይፈጫል። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጥና 2 ብርጭቆ በሶ ላይ ጠብ ጠብ እየተደረገ በእጅ ይታሻል። ጭብጥ ስታደርጉት ከያዘ፣ በቃ፣ ደርሷል። ቅቤ ስለሌለው ለጾምም ይሆናል።

የልጅ መደለያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሶ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነው። የተቆላ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፤ እሳት ሳይነድ፣ ጭስ ሳይታይ ይበላል። በ1888 ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ዓድዋ ሲዘምቱ፣ የዚያን ዘመን ወታደር ስንቁን በአብዛኛው ከቤቱ ቋጥሮ ነበር የሚወጣው። ያንን ስንቅ ቆልታ ፈጭታ የምታዘጋጀው ደግሞ ሴቷ ናት። በታሪክ መጽሐፍ ግን የወፍጮዋ ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

ስኳሩስ? የወንጂ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ከዚያ በፊት የደጋ ጓዳ ጣፋጭ ማር ነበር። ስኳር ሲለመድ «በሶ በስኳር» መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ስትሄዱ እናቶቻችሁ የቋጠሩላችሁ እሱን አይደል? ስኳር ሲወደድ ወደ ጨው የሚመለስም ቤት አለ።

ጨው ካልኩ አይቀር፦ በ1977 እናቴ በሶውን በጨው ውሃ ብቻ ለወሰችው። ማር የለም። ቢሆንም ስሙን አልቀየረችም፤ «ኑ፣ ጣፋጩ ደረሰ» አለችን። እኛም ሳንጠይቅ በላን። በኋላም በሶው ራሱ አለቀ።

ዛሬ የዋግ ስም የሚነሣው በረኃብ ነው። በ2007 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማስቀረት የገባው ቃል እንኳ የተጠራው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ነው። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዋግ የተራበው እህል ማቆየት ስላላወቀ እንዳይመስላችሁ። እህልን ለወራት የሚያቆይ፣ ያለ እሳት የሚበላ፣ በማር ሲለወስ ደግሞ ልጅን የሚያስቅ ምግብ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የጎደለው ዝናብና ሰላም እንጂ ብልሃት አይደለም።

እስቲ እናንተ ቤት በሶ በምን ይለወስ ነበር? እናትና አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉልኝ። የቤት ሥራ ነው፤ ማርክ አለው!