የቢምቢ ሹሩባ

ቁጭ በሉማ፤ አቦሉ ጀባ እስኪባል አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ነገሬ የፀጉር ነገር ነው። የሴት ፀጉር እንዳይመስላችሁ ታዲያ፤ አትቸኩሉ።

ድሮ የልጅ ጭንቅላት እንዲሁ በዘፈቀደ አይላጭም ነበር። መሀል አናቱ ላይ ጉች ያለች ፀጉር የተተወችለት ቁንጮ ነው። መሀል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው እንደ ቀለበት የቀረላት ጋሜ ናት። ጋሜዋን በሩቅ ያየ ሽማግሌ ልጅቷ ገና እንዳልተዳረች ለማወቅ ስሟን መጠየቅ፣ የአባቷን ቤት ማጠያየቅ አያሻውም። ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ፀጉር አይቆጥርም፣ ርዝመቱንም አይለካም። የት በቀለ፣ የት ቀረ፣ እሱን ብቻ ነው የሚያየው። ይችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ባቲ እንውረድ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የነዳ ሰው፣ ደጋው ሲያልቅና የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል ያገኛታል። መቀመጫው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነች። ሰኞ ሲሆን አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከታች ይወጣል፤ አማራውና ኦሮሞው እህሉንና ከብቱን ይዞ ከላይ ይወርዳል፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ አቧራ ውስጥ ይንጫጫል። ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ያያል፣ ሻኛዋን ይዳብሳል፣ ከዚያ ዞር ብሎ የተተኮሰ ምልክት አለባት የለባትም ሲል ቆዳዋን ይፈትሻል። የጋለ ብረት ያረፈበት ቆዳ ዳግም ፀጉር አያበቅልም። ግመሏ ብትጠፋ ወይም ብትሰረቅ የማን ወገን እንደሆነች የሚናገረው ያ ፀጉር አልባ ቦታ ነው። ይችንም ያዙልኝ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል አንዲት ምልክቷን ማንም ያላየላት እንግዳ ባቲ ገብታ ተገኘች። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ተመራማሪዎች በምሥራቁ የአገራችን ክፍል አሥር ከተሞችን መርጠው የወባ ትንኝ ያስሱ ነበር፤ ቀብሪደሃር፣ ጎዴ፣ ደገሃቡር፣ ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር ጎታ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ገዋኔ፣ ሰመራ፤ አሥረኛዋ የኛዋ ባቲ፣ ከአማራ ክልል ብቸኛዋ። ያገኟት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። አገሯ ህንድና የዚያ አካባቢ ነው፤ ሊስተን የሚባል ሐኪም ስም አውጥቶ የመዘገባት በ1901 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ስትኖር ቆይታ በ2012 ጅቡቲ ላይ ብቅ አለች፤ በ2016 መጨረሻ ደግሞ ቀብሪደሃር ላይ ተያዘች። በምን ተሳፍራ እንደመጣች ያየ ሰው የለም። ካርታ የዘረጋ ሰው ግን ጅቡቲን፣ ጋላፊን፣ ሰመራን፣ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን በአንድ የአስፋልት ክር ተሰክተው ያገኛቸዋል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ፣ ወባ እንደሆነ ለኛ አዲስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ንዳድን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡ በዝቶ ንዳድ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ያኔ የፈጀችን ግን የአገራችን ትንኝ አረቢየንሲስ ነበረች። እሷ ዝናብ ጠባቂ ነች፤ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ዱካ ትራባለች፣ ኩሬው ሲደርቅ ትቀንሳለች። እንግዳዋ ክረምት መጣ አልመጣ ግድ የላትም። የምትፈልገው በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ጉድጓድ ነው። ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የታለ? በጠራራው በጋ ውሃ ቆጥበን ስናስቀምጥ ቤት ሠራንላት ማለት ነው። ድሬዳዋ በ2022 ዝናብ በሌለበት ወር ወባ ተነስቶባት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሳይቀሩ ሲታመሙ፣ ምርመራው የደረሰው እሷው ዘንድ ነው። ለዚህ ነው «ማን ነሽ?» ተብላ በጊዜ መጠየቅ ያለባት።

ግን እንዴት ትጠየቅ? ትንኝ ሁሉ ለኛ ቢምቢ ነው፤ በመዳፍ ጨፍልቀን በግድግዳው ላይ እንተዋታለን። አሁን ወደ ፀጉሩ መጣሁ።

ባለሙያዋ ረጅም እጀታ ባለው ነጭ ጭልፋ ከበርሜሉ ውሃ ትቀዳለች። ነጩ ላይ እጮቹ እንደ ጭረት ሲወራጩ ይታያሉ። የተራዋ ቢምቢ እጭ በጅራቷ መተንፈሻ ቧንቧ ተንጠልጥላ ቁልቁል ትዘቀዘቃለች። የወባዋ እጭ ያን ቧንቧ ስለማታውቀው ውሃው ፊት ላይ ጠፍጣፋ ትተኛለች። አንሳፍፈው የሚይዟት ደግሞ ጀርባዋ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የበቀሉ፣ እንደ ዘንባባ ቅጠል የተዘረጉ ፀጉሮች ናቸው። እስከዚህ ያለ ማይክሮስኮፕም ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ መስታወት ግድ ነው። አራተኛ ዕድሜዋ ላይ የደረሰች እጭ ትመረጣለች፤ ትንሿ ገና ፀጉሯ አልተሟላም። ከራሷ እስከ ጅራቷ እያንዳንዱ ፀጉር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ጃፓን ሆነ ብራዚል አንድ ነው። ለምሳሌ ከግንባሯ ፊት ቁጥር ሁለት የሚባሉ ጥንድ ፀጉሮች አሉ። ባንዱ የወባ ትንኝ (አኖፌለስ) ወገን የሁለቱ ሥር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ በሌላው ወገን ተራርቀው ይበቅላሉ። ይኸው ነው፤ እንደ ጋሜዋ ሽማግሌ የት እንደበቀሉ ማየት ነው፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ብቻ ዘሩን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል።

ይህ ነገር ለሌላው ሰው ቢከብድ ለባቲ ሰው አይከብድም። የኛን ከተማ ስም ዘፋኙ ሁሉ የሚጠራው በገበያዋ ሳይሆን በቅኝቷ ነው። ትዝታም አምስት ድምፅ ነው፣ ባቲም አምስት ድምፅ ነው። ክራሩ አልተቀየረ፣ ጣቱ አልተቀየረ። በድምፅና በድምፅ መሀል ያለው ርቀት ሲለወጥ ግን አንዱ ሌላ፣ ሌላው ሌላ ይሆናል። የእጯን ግንባር የሚያይ ሰውም ቅኝት ነው የሚያዳምጠው።

ችግሩ እንግዳዋም የአገራችን ትንኝም በግንባር ፀጉራቸው ካንድ ወገን፣ ከተራራቁት ናቸው። ስለዚህ እጯን አሳድጎ ክንፍ እስክታወጣ መጠበቅ ይመጣል። ጠንቃቃ ሰው እያንዳንዷን በየብልቃጧ ለብቻ ያስቀምጣታል፤ ስታድግ አውልቃ የጣለችውን ቆዳም አይደፋውም። ቆዳው ባዶ ሸሚዝ ነው፤ ግን ፀጉሩ አንድም ሳይጎድል እላዩ ላይ አለ። ያደገችውንና የሕፃንነት ሸሚዟን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል ማለት ነው። ካደገች በኋላ የሚነበበው ቅርፊቷ ነው፤ ቅርፊትም ቢሆን ወጉን የለወጠ ጠፍጣፋ ፀጉር ነው። ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሏት። እንግዳዋ እዚያ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ ቀለበቶች አጥልቃለች፤ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ወርዳቸው እኩል ነው፣ በቀለበቶቹ መሀል ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰባት ይመስል ነጠብጣብ አለ። የአገራችን አረቢየንሲስ ዘንግ ላይ ያ ነጠብጣብ የለም። በመጨረሻ ዲኤንኤ ይመረመርና ይጸድቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ዲኤንኤ ዳኛ ነው፤ መጀመሪያ «ይቺ የኛ አይደለችም» ብሎ የሚጮኸው ፀጉር ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ነው። ዳኛ ያልከሰሱለትን አይፈርድም።

ቶናውን አሳልፉልኝማ። ገና ዋናዎቹን አላወራኋችሁም።

በፀጉር ንባብ የቢምቢ ሰዎች ተማሪ ናቸው ብል አልዋሸሁም። የኔታዎቹ የኮለምቦላ ሰዎች ናቸው። ኮለምቦላን ሁላችሁም አይታችኋታል፤ ስም ስላልሰጣችኋት ነው የማታውቋት። ውሃ የጠጣ የአበባ ማሰሮ አንሱ፤ ከሥሩ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ነጭም ግራጫም የሆኑ ነገሮች ጣታችሁ ሲጠጋ ድንገት ተስፈንጥረው ይጠፋሉ። ቁንጫ አይደሉም፤ አይነክሱም፣ ክንፍም የላቸውም። ሆዳቸው ሥር እንደ መንሽ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ጅራት ታጥፎ በመቆለፊያ ተይዟል፤ መቆለፊያው ሲለቅ ጅራቱ መሬቱን ይመታና ባለቤቱን ያስፈነጥራል። ስድስት እግር ቢኖራቸውም የዛሬ ሊቃውንት ከነፍሳት ለይተው ለብቻቸው ይመድቧቸዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ የተገኘ ዘመዳቸው 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። በለም አፈር አንድ ካሬ ሜትር ላይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ አፈሩን ያገላብጡታል።

እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ9,000 በላይ ናቸው። አንድ ሚሊሜትር የምታህል ነገር በምን ተለይታ ዘጠኝ ሺህ ስም ይወጣላታል? በቀለም እንዳትሉ፤ ቀለሟ አልኮል ውስጥ ይደበዝዛል፣ እናትና ልጅም በቀለም ይለያያሉ። ስለዚህ ወደ ጀርባዋ ፀጉር ተሄደ። የጄኔቫው ኸርማን ጊዚን የአውሮፓን ኮለምቦላ እ.ኤ.አ. በ1960 በአንድ መጽሐፍ ሲጠርዝ፣ ፀጉሯን እያየ ሌላው አንድ ያለውን ለሁለትና ለሦስት የሚከፍል ሰው ነበር። የክራኮው አንድዠይ ሼፕቲትስኪ በ1979 አንድ ትልቅ ቤተሰባቸውን ይዞ የጀርባቸውን ፀጉር ካርታ አነሳ።

ካርታው እንዲህ ነው። ገበጣ አስቡ፤ ሦስት ረድፍ ያለው ገበጣ። እያንዳንዱ የጀርባ ክፍሏ አንድ ገበጣ ነው፤ የፊት ረድፍ፣ የመሀል ረድፍ፣ የኋላ ረድፍ አለው። ቆጠራው ከአከርካሪዋ መስመር ይነሳና ወደ ጎን ይሄዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «የመሀል ረድፍ ሦስተኛ» ከተባለ አዲስ አበባ ያለው ሰውና ክራኮው ያለው ሰው ጣታቸውን የሚያሳርፉት አንዲቷ ጉድጓድ ላይ ነው። ሠዓሊው ግማሽ ጀርባ ብቻ ይስላል፤ ግራው የቀኙ ግልባጭ ነውና። ትልልቁን ፀጉር በክብ፣ ትንንሹን በነጥብ ያመለክታል። ሲያልቅ ወረቀቱ ሰማይ ይመስላል።

አሁን ያቺን የግመል ምልክት መልሱልኝ። ኮለምቦላ ተይዛ፣ አልኮል ውስጥ ገብታ፣ በአሲድ ጠርታ፣ በሁለት መስታወት መሀል እስክትደርስ ፀጉሯ ይረግፋል። ሰውዬው አይደነግጥም። እያንዳንዱ ፀጉር የበቀለበት ጉድጓድ ቆዳዋ ላይ እንደ ቀለበት ይቀራልና፣ ፀጉር የሌለውን ጉድጓድ ቆጥሮ ዝርያዋን ይለያል። ደግሞም ኮለምቦላ ካደገች በኋላ እንኳ ቆዳ መቀየሯን አትተውም፤ ዕድሜ ልኳን ትገፈፋለች። ከእንቁላል ስትወጣ ይዛቸው የመጣችው የመጀመሪያዎቹ ፀጉሮች ግን በየቆዳው ላይ እዚያው አድራሻቸው ላይ ይበቅላሉ፤ ሌሎች ይጨመሩባቸዋል እንጂ እነሱ ቦታ አይለቁም።

አንዲት ፀጉር ጎደለች ብሎ አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ችኩልም አለ፤ በየትኛው ሙያ የለም? አንዳንዷ በቀኝ ጀርባዋ ያላት ፀጉር በግራዋ ይጎድላል፤ ያ የሷ የብቻዋ ጉድለት ነው፣ የዘሯ አይደለም። ደህናው ሰው ብዙ ይሰበስባል፣ ሁለቱንም ጎን ይቆጥራል፣ ከዚያ ነው ስም የሚያወጣው።

በረካው ደረሰ፤ እኔም ልጨርስ። እንዲህ ሆነ ይላሉ ባቲ። አሰሳ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ከአንዲት እናት ጓሮ በርሜል እጭ ጨልፋ፣ በረንዳቸው ላይ ማይክሮስኮፗን ዘርግታ ታያለች። እናትየዋ ቡና ሊያቀርቡ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ውሃዬን ምን አገኘሽበት?»

«ይምጡ እማማ፣ እርስዎም ይዩት።»

ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ የታያቸው የራሳቸው ሽፋሽፍት ነው። ልጅቷ መስታወቱን አስተካከለችላቸው። ዝም አሉ፤ ረጅም ዝም።

«ያረቢ! ይቺ ናት በኔ በርሜል የምትኖረው? ግራና ቀኟን አሳምራ? ሹሩባውን ማን ሠራላት?»

«ጌታ ነው እማማ።»

«እሱስ መልካም ሠራ» አሉና ቀና ብለው የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ። «ና አንተ! ያንን ንጹሑን ማዳበሪያ አምጣ፣ ሲባጎውንም! በርሜሉን እሰርልኝ። አጥብቀህ!»

ልጁ ማዳበሪያውን በርሜሉ አፍ ላይ ወጥሮ ሁለት ዙር ጠመጠመና ቋጠረው። እናትየዋ በጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱ፤ አንድ ቦታ ላላ ብሎ አገኙት፣ ፍታ ብለው እንደገና አሳሰሩት።